ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ኦራል፤ የከባድ ወታደራዊ መኪና ቃላት ታሪክ በአማርኛ

«ክሪኩን አስገባና ቡሎኑን ፍታ፤ ጎማው ከወረደ በኋላ ኩሽኔታውን እናያለን።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ይህ ጸሐፊ የሰማው በቆሰበር ከተማ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ከሠራዊት ከወጣ ብዙ ዘመን ያስቈጠረ አንድ ኦራል መኪና የኋላ እግሩ ተነሥቶ በሚጠገንበት ስፍራ ነው። ተናጋሪው በዕድሜ የገፋ መካኒክ፣ አድማጩ ረዳቱ ነበሩ። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አራት ስሞችና አራት ግሦች ይገኛሉ። ስሞቹ አራቱም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፤ ግሦቹ አራቱም፣ ማለት አስገባ፣ ፈታ፣ ወረደና አየ፣ የአማርኛ ናቸው። ረዳቱ በበኩሉ ትእዛዙን አጠገቡ ለቆመው ልጅ በአዊኛ ሲያስተላልፍ ግሦቹ ተለወጡ፤ ክሪክ፣ ቡሎን፣ ጎማና ኩሽኔታ ግን እንዳሉ አለፉ። መኪናው ከሩሲያ የመጣ ነው፤ የብልቶቹ ስም ግን በአመዛኙ የጣሊያን ነው፤ የሥራው ቋንቋ ደግሞ አማርኛና አዊኛ ነው።

ይህ ሁኔታ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ ሁለት ጥያቄ ያስነሣል። አንደኛው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ስሞቹ ከየት፣ በማን እጅ፣ መቼ ገቡ? ሁለተኛው የሙያ ጥያቄ ነው፤ ገብተው ሰባና ሰማንያ ዓመት የተሠራባቸውን ቃላት እንደ ባዕድ ቈጥሮ በአዲስ ስያሜ መተካት ይገባልን? ይህ ጸሐፊ ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በአንደኛው ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ከታሪኩ መጀመር ግድ ይሆናል።

ቆሰበር የዛሬው የእንጅባራ ከተማ ሁለተኛ ስም ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ ኮሶበር ሲል ከኮሶ ዛፍ ጋር ያያይዘዋል፤ የፊደሉ ነገር ራሱን የቻለ ክርክር ስለ ሆነ ለጊዜው እንለፈው። ለጉዳያችን የሚጠቅመው የከተማው አቀማመጥ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አልፎ ወደ ዳንግላና ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በዚህ ስፍራ ላይ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል ቈላ ከሚወርደው መንገድ ጋር ይገናኛል። ከ2,500 ሜትር ከፍታ ወደ ቈላ የሚወርድ ባለ ከባድ ጭነት መኪና ፍሬኑን፣ ከቈላ የሚወጣውም ማርሹንና ፍሪሲዮኑን የሚፈተሽበት አገር ነው። እንዲህ ባለ መገናኛ ላይ ጥገና ሲበዛ ቃሉም ይበዛል።

ስፍራው በጦርነት ታሪክም የታወቀ ነው። ጣሊያን በጎጃም ላይ ሳለ በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ ምሽግ ሠርቶ በሞተር መንገድ አያይዟቸው ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ወሰን በኦሜድላ ሲገቡ፣ በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ስንቁንና ጥይቱን ያጓጓዘው በዋናው በግመል ነበር፤ መኪና የሚያስሄድ መንገድ በዚያ በኩል አልነበረምና። በሺህ ከሚቈጠሩት ግመሎች አብዛኞቹ በየመንገዱ አለቁ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ሲሸሹ ግመሎቹ ከሞተሩ መንገድ ላይ ደረሱ። ስለዚህ ከእንጅባራ እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ላይ በአንድ ወር ውስጥ የሁለት ዘመን የጭነት ቋንቋ ተገናኘ ማለት ይቻላል፤ የጫኝና የነጂ ቋንቋ ከሾፌርና ከመካኒክ ቋንቋ ጋር።

የፊተኛው ቋንቋ ከኋለኛው ያነሰ አልነበረም። ሲራራ ነጋዴው ለዘመናት በበቅሎና በአህያ ሲጓዝ መንዳት፣ መጫን፣ ማራገፍ፣ ማሳደር፣ መሳብ፣ መፍታት የሚሉትን ግሦች በየፈርጁ አበልጽጎ አቈይቷል። መኪና ሲመጣ አንዳቸውም አልተጣሉም። መኪናም እንደ አህያ ይነዳል፤ ይጫናል፤ ይራገፋል፤ ያድራል። ነጂ የሚለው ስም በበቅሎ ኋላ ከሚሄደው ሰው ላይ ተነሥቶ መሪ ከጨበጠው ሰው ላይ ሲቀመጥ ማንም የተገረመ አይመስልም። መሪ የሚለው ራሱ የአገር ቃል ነው፤ ጣሊያንኛው ቮላንቴ እንደ ጎማና እንደ ጋቢና ሊለመድ ሲችል ቦታውን ለመሪ ለቋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስደንቃል። የአዊ አገር የፈረሰኛ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ የሚባለው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይሰበሰባል። ፈረሰኛ ሁሉ የሚያውቀው ልጓም የሚባል ነገር አለ፤ የፈረስ ማቆሚያ ነው። ታዲያ የመኪና ማቆሚያ ስሙ ልጓም ያልሆነው ስለ ምን ነው? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ምክንያቱ ቀላል ነው። ልጓም ከውጭ የሚታይ፣ በእጅ የሚያዝ ነገር ነው። ፍሬን ግን ከውስጥ ነው፤ ካልተፈታ አይታይም። ሲፈታ ደግሞ የሚፈታው ባዕድ ወይም ከባዕድ የተማረ ሰው ነበረ። ከመኪናው ውጭ ሰው የሚሠራው ሥራ የአማርኛ ግሥ ይዞ ቀረ፤ ከመኪናው ሆድ ውስጥ ያለው ብልት ግን ፈትቶ ባሳየው ሰው ቋንቋ ተሰየመ።

ከባድ መኪና ጣሊያን ከመምጣቱ አስቀድሞ በኢትዮጵያ ጨርሶ አይታወቅም ነበር ማለት አይደለም። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በ1896 ዓ.ም. ገደማ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ በሕዝቡ አፍ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ነበር። ባቡር የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ በእንፋሎት የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ፣ እህል የሚፈጨውን ሳይቀር፣ ይጠቀልል ነበር። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አደረሰ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡርም በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ከርሱም ጋር የፈረንሳይኛ ቃላት ገቡ። ሾፌር፣ ጋራዥ፣ ካሚዮን፣ ሻንሲ የዚህ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ይህ የመጀመሪያው ድርብርብ ነው፤ ስስ ድርብርብ ነው፤ ምክንያቱም መኪናው ጥቂት፣ ጠጋኙም ጥቂት ነበር።

ወፍራሙ ድርብርብ የመጣው በ1928 ዓ.ም. ነው። የፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን ሲወር እንደ ቀድሞ ጦር በበቅሎ ብቻ አልመጣም፤ የጭነት መኪና በብዛት አሰለፈ። ከነዚህ ውስጥ በተለይ የሚጠቀሰው ፊያት 634 ነው። ይህ መኪና ከ1931 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ከ8 ሊትር በላይ በሚሆን የናፍጣ ሞተር የሚነዳና ከ6 ቶን በላይ የሚጭን ነበር፤ ኃይሉ መጀመሪያ 75 የፈረስ ጉልበት ነው። የናፍጣ ሞተር በከባድ መኪና ላይ ገና አዲስ ነገር በነበረበት ዘመን ይህን መኪና ማየት ለጣሊያናዊውም አዲስ ነበረ። በአፍሪካ ቀንድ ነጂዎች ዘንድ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ብቻ ተወስደው ትሬንታ ኳትሮ፣ ማለት «ሠላሳ አራት»፣ ተባለ። ላንቺያ ሮ የሚባለውም ነበር፤ የመጀመሪያው ዓይነት ሁለት ሲሊንደርና በእያንዳንዱ ውስጥ ፊት ለፊት የሚገናኙ ሁለት ሁለት ፒስቶኖች ያሉት እንግዳ ሞተር ነበረው። ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው ተከታዩ ሦስት ሮ ደግሞ ባለ አምስት ሲሊንደር ነበር።

መኪናን በቍጥር መጥራት ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ በሲቪል ሥራ የታወቀው ፊያት 682 ኤን 3 በሾፌሮች አፍ ኤንትሬ ተብሏል። ትሬንታ ኳትሮም ኤንትሬም ትርጉማቸው ቍጥር መሆኑን የማያውቅ ሰው እንደ ተጸውዖ ስም ይጠራቸዋል። መዝገበ ቃላት አዘጋጁ እንግዲህ እነዚህን በምን ክፍል ሊያገባቸው ይገባል? ከቍጥር ነውን፣ ከስም ነውን? መልሱ ከስም ነው፤ ሥርወ ቃሉ ብቻ ከቍጥር ይላል።

አምስቱ ዓመት ሲፈጸም መኪናውስ ማን እጅ ገባ? እንግሊዞች ብዙውን ንብረት ምርኮ ነው እያሉ ወደ ኬንያና ወደ ሌላም ስፍራ ማሻገራቸው በታሪክ የታወቀ ነው። የተረፈው በመንግሥት፣ በነጋዴና በአጓጓዥ እጅ ገባ። ከአገር ያልወጡ ጣሊያናውያን መካኒኮችም ከመኪናው ጋር ቀሩ። የአዲስ አበባ የአንበሳ አውቶቡስ አገልግሎት በ1935 ዓ.ም. ሲጀመር የተነሣው ጣሊያን ትቶ በሄደው ጥቂት ተሽከርካሪ ነበር። ለጥይትና ለወታደር የተሠራ መኪና መቀመጫ ገብቶለት የከተማ ሕዝብ ማመላለሻ ሆነ። ይህ እንግዲህ የወታደር መኪናን ለውጦ በሌላ ሥራ የማዋል ጥበብ በአገራችን ምን ያህል ሥር እንዳለው ያሳያል።

ባለቤትነቱም የራሱን ቃላት ይዞ መጣ። መኪና ያለው ሰው ታርጋ፣ ሊብሬና ቦሎ ሊኖረው ይገባል። ታርጋ ያለ ክርክር ጣሊያንኛ ነው። ቦሎም እንዲሁ፤ በጣሊያንኛ ማኅተም፣ ቴምብር ማለት ሲሆን በአማርኛ በዓመታዊ ምርመራ ያለፈ መኪና ከመስታወቱ ላይ የሚለጥፈው ምልክት ሆኗል። ሊብሬ ግን ያጠራጥራል። ብዙ ሰው ከጣሊያንኛው ሊብሬቶ ነው ይላል። ነገር ግን ከሊብሬቶ ቢሆን ኖሮ የመጨረሻው ቶ ለምን ወደቀ? ቦሎ ሎውን አልጣለም፤ ዳዶም ዶውን አልጣለም። ፈረንሳይኛው ሊቭሬ የቭ ድምፅ በብ ተተክቶ ያለ ችግር ሊብሬን ይሰጣል። ይህ ጸሐፊ ወደ ፈረንሳይኛው ያዘነብላል።

ይህ የመጨረሻ ድምፅ ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም የሁለቱን ድርብርብ ለመለየት ከሁሉ የተሻለ መስፈሪያ ስለ ሆነ ጥቂት ልንቆይበት ይገባል። በኦ የሚጨርሱ የጣሊያንኛ ስሞች ወደ አማርኛ ሲገቡ ኦዋቸውን ይዘው ይገባሉ፤ ዳዶ፣ ቦሎ፣ ትራፓኖ፣ ኮፋኖ ምስክር ናቸው። ስለዚህ ጣሊያንኛው ፍሬኖ ቢሆን ኖሮ አማርኛው ፍሬኖ በሆነ ነበር። ፍሬን በመሆኑ ምንጩ ፈረንሳይኛ መሆኑን መገመት ይቻላል፤ ማለት ከጣሊያን መኪና በፊት ከባቡሩ ጋር የገባ ቃል ነው። በኔ የሚጨርሱት ግን ከኦን በኋላ ኤውን ይጥላሉ፤ ፍሪሲዮኔ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮኔ ጓርኒሲዮን ሆኗል። ፍሪሲዮን ከፈረንሳይኛ ነው እንዳይባል ደግሞ የፈረንሳይኛው ቃል በመካከሉ የክ ድምፅ አለው፤ በአማርኛው ግን ክ የለም። ቡሎንን በዚህ ዘዴ መለየት አይቻልም፤ ቡሎኔም ቢሆን ቡሎን አንድ ዓይነት ፍሬ ያፈራሉ። ክሪክም እንዲሁ በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ መዝገበ ቃላት «ከፈረንሳይኛ ወይም ከጣሊያንኛ» ብሎ መተው ነው የሚገባው፤ አንዱን ደፍሮ መምረጥ የሚያስመሰግን አይደለም።

ከድምፅ ለውጦቹ ውስጥ ይህን ጸሐፊ ይበልጥ ያስደሰተው የር እና የል ነገር ነው። የመኪናን የፊት መከላከያ ብረት ጣሊያንኛ ፓራኡርቲ ይለዋል። በቃሉ ውስጥ ሁለት ር አለ። አማርኛ ተናጋሪው አንዱን ወደ ል ለውጦ ፓራውልት ይላል። የጎማን የውስጥ ከረጢት ጣሊያንኛ ካሜራ ዳሪያ ይለዋል፤ «የአየር ክፍል» ማለት ነው። እዚህም ሁለት ር አለ፤ አማርኛው የመጀመሪያውን ወደ ል ለውጦ፣ ከዚያም ከም ጋር ቦታ አለዋውጦ ካላማዳሪ አድርጎታል። ሁለቱ ቃላት በተለያየ ሰው አፍ፣ በተለያየ ጊዜ ተለውጠው ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ያልተማረ የተባለው ረዳት ሳያውቀው የድምፅ ሕግ ጠብቋል። ጋቢና ከካቢና ሲመጣ ካው ጋ ሆኗል። ከጣሪያ ላይ ዕቃ የሚጫንበት ፖርታባጋሊ ደግሞ ፖርቶ መጋላ ሲሆን ባው ወደ መ ተለውጧል። መጋላ በሐረር አካባቢ ገበያ ማለት ስለ ሆነ ቃሉን ወደዚያ የሳበው ይህ ይሆን? ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ሆኖም ወደ ገበያ የሚሄድ ዕቃ ሁሉ የሚጫነው ከፖርቶ መጋላ ላይ መሆኑን ማስታወስ አይከፋም።

ቸርኬ ደግሞ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። በጣሊያንኛ ነጠላው ቼርኪዮ፣ ብዙው ቼርኪ ነው። አማርኛው ለብዙው ይቀርባል። ሰው ቃልን የሚለምደው በሚሰማበት መልክ ነው፤ የከባድ መኪና ጎማ ደግሞ በጥንድና በብዛት የሚነሣና የሚወርድ ነገር ስለ ሆነ ረዳቱ ነጠላውን የሚሰማበት ጊዜ ጥቂት ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

በ1934 ዓ.ም. የተግባረ እድ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ስሙ ግዕዝ ነው፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው፤ እጅግ ያማረ ስያሜ ነው። ከደጁ ውጭ በየጋራዡ ግን ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ ይባል ነበር። ጠቅላላው ስያሜ የአገር፣ ዝርዝሩ የውጭ ሆኖ የመቀመጡ ልማድ በብዙ ቦታ ይታያል። ነዳጅ ከነደደ የወጣ ጥሩ አማርኛ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ቤንዚንና ናፍጣ ባዕድ ናቸው። ተሽከርካሪ ከተሽከረከረ ነው፤ ከሥሩ ካሚዮንና ኦራል አሉ። መለዋወጫ ከተለዋወጠ ነው፤ ከሥሩ ቢየላ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ ተደርድረዋል። ጣሊያኖች ሪሞርኪዮ ያሉት ተጐታች ጋሪ ተሳቢ ተብሎ ጸንቷል። ተሳቢን ያጸናው ዐዋጅ አይደለም፤ መሳብ የነጋዴውም የገበሬውም ግሥ ስለ ነበረ ነው።

የለውጡም ሥራ በአማርኛ ግሥ ይነገራል። መኪናውን የገዛ ሰው ከወታደር አገልግሎት ወደ ንግድ ሲያዞረው ሻንሲውን ያስረዝማል፤ ባሌስትራ ይጨምራል፤ ሸራ የነበረውን በስፖንዳ ይለውጣል፤ ጋቢናውን ከላሜራ ወይም ከእንጨት እንደ ገና ያሠራል። ሞተሩ ሲደክም «ሞተር ይወርዳል»፤ ይህ አነጋገር በጋራዥ ቋንቋ ሞተሩን አውጥቶ ፈትቶ ማደስ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚመለሰው የቀድሞው ሞተር አይደለም። በሊብሬ ላይ የሞተር ቍጥርና የሻንሲ ቍጥር ለየብቻ የሚጻፉት ስለዚህ ነው። አንዳንዱ መኪና ሞተሩ የሌላ፣ ካምቢዮው የሌላ፣ ጋቢናው የአገር አናጢ ሥራ ሆኖ ከመጀመሪያው የቀረለት ሻንሲው ብቻ ይሆናል። ባለቤቱ ግን ያው መኪና ነው ይላል፤ ሕጉም ይስማማዋል።

ከ1945 ዓ.ም. በኋላ በአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ፣ በ1943 ዓ.ም. በተቋቋመው በአውራ ጎዳና ባለሥልጣንና በቴክኒክ ትምህርት ቤቶች በኩል እንግሊዝኛው ገባ። በመማሪያ መጻሕፍት ፍሪሲዮን ክላች፣ ኩሽኔታ ቤሪንግ ተባለ። ዛሬ ሁለቱም አሉ፤ ወጣቱ ክላች ሲል ሽማግሌው ፍሪሲዮን ይላል፤ ይግባባሉ። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሶቪየት መኪናዎች በብዛት ገቡ፤ ዚል፣ ክራዝ፣ ከሁሉም በላይ ኡራል። ይህ የመጨረሻው በኡራል ተራሮች አጠገብ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣ፣ በሦስት ዘንግ ስድስቱም እግሩ የሚነዳ መኪና ነው። በአማርኛ ቃል መጀመሪያ ላይ ኡ ያልተለመደ ስለ ሆነ ኦራል ተባለ። ቀድሞ የመጣው ዓይነት 375 በ7 ሊትር የቤንዚን ሞተር 180 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 50 ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ይበላል። ይህን ለግል ሥራ ለመያዝ የሚሻ ሰው የመጀመሪያው አሳብ ሞተሩን በናፍጣ ሞተር መተካት መሆኑ አያስደንቅም።

አሁን ወደ ቆሰበሩ ዓረፍተ ነገር እንመለስ። ሩሲያ መኪናውን ሰጠች፤ የመኪናውንም ስም ሰጠች። የብልቶቹን ስም ግን አልሰጠችም። ከኦራል ጋር ወደ ጋራዥ የገባ፣ በሰፊው የሚነገር አንድ የሩሲያኛ የብልት ስም ይህ ጸሐፊ አላገኘም። አማርኛ ተናጋሪው መካኒክ የሩሲያውን ኮፋኖ ሲከፍት ያየው ነገር ሁሉ ከትሬንታ ኳትሮ ዘመን ጀምሮ ስም የወጣለት ነበር። ቦታው ተይዟል። ቃል የሚገባው ባዶ ቦታ ሲያገኝ ነው፤ ቦታውን ቀድሞ የያዘው መጀመሪያ ፈትቶ የጠገነው ሰው ቋንቋ ነበር።

ባዶ ባልሆነ ቦታ ቃል ለማስገባት መሞከር ምን እንደሚያስከትል ይህ ጸሐፊ ከራሱ ጥፋት ተምሯል። ከብዙ ዓመት በፊት የከባድ መኪና የጥገና መምሪያ ከእንግሊዝኛ እንዲመልስ በአንድ መሥሪያ ቤት ታዝዞ ነበር። የባዕድ ቃል እንዳይገባ ጥብቅ መመሪያ ስለ ነበረ ኩሽኔታን «ተሸካሚ» ብሎ መለሰው። ከመሥራት አንጻር ስሕተት የለበትም፤ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከም ነውና። መምሪያው ወደ ሠልጣኞች ሲደርስ ግን «ተሸካሚውን በየወቅቱ ግሪስ ቀባ» የሚለውን ያነበቡት ልጆች ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ነው ብለው ባሌስትራውን ቀቡት። ኩሽኔታው ሳይቀባ ደርቆ ጋየ፤ የአንዱ መኪና ጎማ በጉዞ ላይ ወልቆ ወጣ። የሞተ ሰው ባይኖርም ሊኖር ይችል ነበር። በሚቀጥለው እትም ተሸካሚ ተሰርዞ ኩሽኔታ ተመለሰ፤ መሰረዙን የጠየቀው ግን ተርጓሚው ሳይሆን ጋራዡ ነበር።

ቃላቱ በሥራ ብቻ ተወስነው አለመቅረታቸውም መታየት አለበት። ቍጣውን መግታት ያቃተው ሰው ፍሬኑን በጠሰ ይባላል። ተስፋ የቈረጠው ጎማው ተነፈሰ ይባላል። ሥራ የፈጠነለት ማርሽ ቀየረ ይባላል። ጋቢና መቀመጥ ክብር ነው። በምሳሌያዊ አነጋገር የሚያገለግል ቃል ከቋንቋው ሥጋና ደም ገብቷል፤ የተጠቃሚውም ቍጥር መካኒክ ከሆነው እጅግ ይበልጣል። የስያሜ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ከአማርኛ፣ ቀጥሎ ከግዕዝና ከሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች፣ በመጨረሻ ከውጭ መዋስ ነው። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው። ነገር ግን «ከአማርኛ» በሚለው ውስጥ ኩሽኔታና ካላማዳሪ ካልተቈጠሩ የጋራዡ አማርኛ ከአማርኛ ውጭ ሊሆን ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የአማርኛ ብቻ አይደለም። አዊኛ በትምህርት ቤት የሚሰጥበት፣ የመማሪያ መጽሐፍ የሚታተምበት ዘመን ነው። ሄትዝሮን በ1969 እ.ኤ.አ. የደቡብ አገውን የግሥ ሥርዓት ሲያጠና ቋንቋው በትምህርት ቤት አይታወቅም ነበር። አሁን የሙያ ትምህርት ስያሜ የሚያወጣ ሰው ከእንግሊዝኛ አዲስ ቃል ቢፈጥር፣ ወይም ከአማርኛው አዲስ ስያሜ ቢዋስ፣ የቆሰበር ረዳት በአዊኛ እየተናገረ ሳይለውጥ ያሳለፋቸውን አራት ስሞች ያጣል። አዊኛ ክሪክንና ኩሽኔታን ከአማርኛ ተዋሰ ከማለት ይልቅ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ጋራዥ አብረው ተዋሱ ማለት ሳይሻል አይቀርም። ይህን የሚወስነው ግን ከመጻሕፍት ቤት ሳይሆን ከስፍራው የሚሰበሰብ ማስረጃ ነው።

የሚሰበሰበውም ሳይዘገይ ነው። ከጣሊያን መካኒክ አጠገብ ቆመው ቃሉን በጆሯቸው የተማሩት የመጀመሪያዎቹ አልፈዋል፤ ከእነርሱ የተማሩትም ሸምግለዋል። ለናሙና ይህ ጸሐፊ በቆሰበር የሞላት አንዲት ካርድ እንዲህ ትላለች፦ ካላማዳሪ፣ ስም፤ አንዳንዱ ከለመዳሪ ይላል። የጎማ የውስጥ አየር መያዣ ከረጢት። ከጣሊያንኛ ካሜራ ዳሪያ። ግሡ ነፋ፣ ጠገነ፣ ለጠፈ። በአዊኛም በዚሁ መልክ ተሰምቷል።